እስከ ሰኔ የሚቀመጥ ዕቃ

የጥሩብርሃን እህት ኤዶም ከአገር ቤት የምትገባው ሐሙስ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ጥሩብርሃን ታች ያለችውን ትንሽ ክፍል በር ስትገፋው በሩ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ከኋላው የሆነ ነገር ይዞታል። ትከሻዋን አስደግፋ ስትገፋው አንድ ከባድ ነገር ወለሉ ላይ ተንከባለለና ግድግዳውን መታ። ቀጥሎ ሽታው መጣ።

ሽታው አዲስ አልነበረም። ከፋሲካ ጀምሮ ቤቱ ውስጥ አብሯቸው የኖረ የባሕር አረምና የእርጥብ ጎማ ሽታ ነው። ልጇ ሃሴት ግን የሽንት ሽታ ነው ባይ ናት። አስራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በዚያ በር ስታልፍ አፍንጫዋን በሹራቧ እጅጌ ትሸፍንና "ማሚ፣ ኢትስ ሶ ግሮስ" ትላለች። "ለአባትሽ ንገሪው" ትላታለች ጥሩብርሃን። ሃሴት ለአባቷ አትነግረውም። ለአባት ደስ የማይል ነገር መንገር በዚያ ቤት የእናት ሥራ ነው።

ዕቃው የባሏ የኪዳነ ወልድ የመጥለቂያ ዕቃ ነው። ዌትሱት የሚሉት ወፍራም የጎማ ልብስ አለ፤ አየር የሚሞላ ጃኬት አለ፤ የእግር መቅዘፊያ፣ ማስክ፣ ጫማ፣ ጓንት፣ ሰውነት እንዲሰምጥ ወገብ ላይ የሚታሰር የእርሳስ ክብደት፣ ከዚያ ደግሞ አየር የሚያዝበት ሲሊንደር። በሩን የያዘው ሲሊንደሩ ነበር። ጥሩብርሃን ሊንውድ የምትባል ከተማ ውስጥ አንድ የአረጋውያን ቤት ነርስ ናት፤ እዚያ የኦክሲጅን ሲሊንደር ሳይታሰር መሬት ላይ ከተገኘ ያስቀመጠው ሰው በጽሑፍ ይጠየቃል። የእሷ ቤት ውስጥ ግን ሲሊንደሩ እንደ ዱባ ይንከባለላል።

ኪዳነ ወልድ እስከ አርባ አራት ዓመቱ ድረስ ከመታጠቢያ ገንዳ የጠለቀ ውሃ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነበር። አውቶቡስ ይነዳል፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ስለሚውል ወገቡን ያመዋል። ሐኪሙ ዋና ጀምር አለው። መርከብ ጥገና ላይ በያጅ የሆነው ጓደኛው ኃይለ መስቀል ደግሞ "ዋና ብቻውን ምን ያደርግልሃል፣ ከእኔ ጋር ና" ብሎ ገንዳ ውስጥ የሚሰጥ የጠላቂዎች ኮርስ ይዞት ሄደ። በዚያው ቀረ። ሚያዝያ ላይ ፎቶው ያለበት ካርድ ተሰጠው፤ ካርዱን ቦርሳው ውስጥ ከመንጃ ፈቃዱ ፊት አስቀመጠው። ጥሩብርሃን በዚያን ጊዜ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ትሰምጥና ጣጣውን ለእኔ ትተውልኛለህ" አለችው። እሱ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ዕቃውን መኪና ላይ ይጭንና ኤድመንድስ ባሕር ዳርቻ ይወርዳል። ጥሩብርሃን በበኩሏ ሃሴትን የሒሳብ ማጠናከሪያ ታደርሳለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ሬኒየር ቫሊ ድረስ ወርዳ ለሳምንቱ የሚሆን ትሸምታለች፣ መንገዱ ተዘግቶ አንድ ሰዓት ቆማ ትመለሳለች። እቤት ስትደርስ ኪዳነ ወልድ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ታገኘዋለች፤ ውሃ የሚያንጠባጥበው ልብስ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ተሰቅሏል። "ዛሬ አየሩን እስከ መጨረሻ ነው የጨረስኩት" ይላታል። "ደክሞኛል።"

የመታጠቢያ ቤቱ የመጋረጃ ብረት በዚያ ልብስ ክብደት ሁለት ጊዜ ወድቋል። ነሐሴ ላይ ደግሞ ልብሱን በረንዳ ላይ ሰቀለው። ፊት ለፊት ያሉት አሮጊት ሴትዮ ማታ መጋረጃቸውን ሊዘጉ ሲሉ ሰው የተሰቀለ መስሏቸው ድንጋጤው ሆስፒታል ሊያስገባቸው ነበር። ከሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደብዳቤ መጣ። ቤቱ በጥሩብርሃን ስም ስለሆነ ደብዳቤው የመጣው በእሷ ስም ነው። ይቅርታውን የጻፈችው እሷ፣ ኬክ ይዛ ሴትዮዋ በር ላይ የቆመችው እሷ፣ "ባለቤቴ ጠላቂ ነው" ብላ ያስረዳችውም እሷ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ኪዳነ ወልድ ሲዝኑ አለቀ አለ። ብርዱ ገባ፣ ከእንግዲህ እስከ ሰኔ የለም። ጥሩብርሃን አምላኳን አመሰገነች። የታናሽ እህቷ የኤዶም ዲቪ ደርሶ ቪዛዋ ተመቶ ነበርና ክፍሏ ያስፈልግ ነበር።

"ኪዳኔ፣ ክፍሉን መቼ ነው የምትለቅልኝ?"

"ዊኬንድ ላይ።"

"የትኛው ዊኬንድ?"

"ዕቃው እኮ ዝም ብሎ አይነሳም፣ ጥሩ። ፕሮሰስ አለው። ጨው እንደያዘ ከተቀመጠ ይበላሻል። ለብ ባለ ውሃ ይነከራል፣ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፣ ከዚያ ነው ስቶር የሚደረገው።"

"ታዲያ አድርገዋ።"

"አደርጋለሁ አልኩ እኮ።"

ይህ ንግግር በሦስት ሳምንት ውስጥ ቃል ሳይለወጥ አራት ጊዜ ተደግሟል። ትናንት ማታ አምስተኛ ጊዜ ስትጠይቀው "ነገ ከሥራ ስመለስ" አላት። ዛሬ ደግሞ የእሷ የዕረፍት ቀን ነው። ጠዋት ቡናዋን ቆማ እየጠጣች የኤዶምን ፍራሽ የሚያመጡት ሰዎች ከሰዓት በኋላ እንደሚመጡ የሚገልጽ መልእክት ስልኳ ላይ አየች። ለባሏ ደወለች፤ መሪ ላይ ስለሆነ አያነሳም። ስኒዋን አስቀመጠችና እጅጌዋን ሰብስባ ወረደች።

ስልኳን የመታጠቢያ ቤቱ ሲንክ ላይ አስደግፋ ቪዲዮ ከፈተች። ጺማም ሰውዬ ነው፤ የመጥለቂያ ዕቃ እንዴት እንደሚታጠብ በዝግታ ያስረዳል። ገንዳውን ለብ ባለ ውሃ ሞላችው። ሰውዬው እንዳለው መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ነከረች። ከጫማው ውስጥ ግማሽ ኩባያ የሚሆን አሸዋ ወጣ። ቀጥሎ ዌትሱቱን ስታስገባው ውሃው ወዲያው የሻይ መልክ ያዘ። ፊቷን አዙራ በእግሯ እየረገጠች አሸችው። ሁለት ጊዜ ውሃ ለወጠች። ወገቧን ያዛት፤ ወገቡን ያመመው ሰው ዕቃ አጠባ ላይ የእሷ ወገብ መያዙ ደግሞ ለብቻው አናደዳት።

ጃኬቱ ተራው ደረሰ። ጺማሙ ሰውዬ በቱቦው በኩል ውሃ አስገብታችሁ ገልብጡት፣ በጋውን ሙሉ ውስጡ የተጠራቀመ ጨው ይወጣል፣ እኔ አንድ ጊዜ ትንሽ ሸርጣን አግኝቻለሁ አለ። ጥሩብርሃን ሸርጣን የሚለውን ስትሰማ ጃኬቱን ከራሷ አራቀችና ገለበጠችው። የወጣው ያስገባችው ውሃ ነው፤ ንጹሕ። ደግማ ሞላችና ገለበጠችው። አሁንም ንጹሕ። ኪዳነ ወልድ አጥቦት ኖሯል ማለት ነው ብላ አሰበች፤ ለግማሽ ደቂቃ ያህልም ባሏን አመሰገነችው።

የቀረው ሲሊንደሩ ነው። የሚተነፈስበት ዕቃ፣ ሬጉሌተር የሚሉት፣ አሁንም አንገቱ ላይ እንደ ታሰረ ነበር፤ ሰውዬው ደግሞ ፈትታችሁ ለየብቻ አስቀምጡ ይላል። ጥሩብርሃን የአፍ መያዣውን ስታየው አቧራና የጨርቅ ብናኝ ይዟል። ከመፍታቷ በፊት ሥራ ቦታ በቀን አስር ጊዜ የምታደርገውን አደረገች፤ ቫልቩን በቀስታ ከፍታ የግፊት መለኪያውን ተመለከተች።

መርፌው ተነስቶ ሦስት ሺህ ላይ ቆመ።

መለኪያው ከኦክሲጅኑ ትንሽ ይለያል፤ መርፌ ግን መርፌ ነው። ሲሊንደሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንገቱ ላይ አየሩን የሞላው ሱቅ የለጠፈው ነጭ ፕላስተር አለ፤ ቀን ተጽፎበታል። ስድስት፣ አስራ ዘጠኝ። ጁን አስራ ዘጠኝ። አሁን ጥቅምት ነው።

የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። በሐምሌ "አየሩን ጨረስኩት" ያላት ሰው፣ በነሐሴ "ዛሬ ትልቅ ኦክቶፐስ አየን" ብሎ በእጁ ስፋቱን ያሳያት ሰው፣ ከጁን ወዲህ ከዚህ ሲሊንደር አንድ ትንፋሽ አልወሰደም። ሌላ ሲሊንደር ተከራይቶ ይሆን? ታዲያ ይሄኛውን ቅዳሜ ቅዳሜ ተሸክሞ መውጣት ለምን አስፈለገው?

ለኃይለ መስቀል ደወለች። የሻይ ሰዓት ላይ ነበር፤ ከኋላው ብረት ይቀጠቀጣል።

"እህት ጥሩ፣ በሰላም ነው?"

"ሰላም ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። አንተና ኪዳኔ ለመጨረሻ ጊዜ አብራችሁ የወረዳችሁት መቼ ነው?"

ብረቱ መቀጥቀጡን ቀጠለ።

"አልነገረሽም እንዴ?" አለ በመጨረሻ።

"ምኑን?"

"ሶ... እሱ ራሱ ቢነግርሽ ይሻላል። እኔ ከጁን ወዲህ አብሬው አልወረድኩም። ኦኬ? ሌላውን እሱ ይንገርሽ። ባልና ሚስት አጣላ እንዳልባል።"

ስልኩን ዘጋችና የረጠበውን ዌትሱት ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ሌላ ሴት የሚለው ሐሳብ መጣባት፤ መጥቶም ብዙ አልቆየም። ሌላ ሴት ጋ የሚሄድ ሰው እንዲህ ሸቶ አይመለስም። ቁማር? ኪዳነ ወልድ የሎተሪ ሁለት ዶላር እንኳ ያሳሳዋል። ሁለተኛ ሥራ? እሱማ ቢሆን ይነግራት ነበር፤ ሲደክመው የማይነግራት ነገር የለም። ደግሞ ልብሱ በየሳምንቱ በእርግጥ ይረጥብ ነበር። አሸዋውም በእርግጥ አሸዋ ነበር። አራት ወር ሙሉ ይህን ሁሉ ጎማ ያረጠበው ማነው?

የፍራሹ ሰዎች መጡ፤ ፍራሹን ኮሪደር ላይ አቁመው ሄዱ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኪዳነ ወልድ የሥራ ጃኬቱን እንደለበሰ ገባ። ኮሪደሩ ላይ በፍራሹ ጎን ተጣብቆ አለፈ። ወጥ ቤት ሲደርስ ሲሊንደሩ ጠረጴዛው ላይ፣ ዳቦው በሚቀመጥበት ቦታ ቆሟል። ጥሩብርሃን ከሲሊንደሩ ኋላ ተቀምጣለች። እጆቿ በውሃ ብዛት ተሸብሽበዋል።

"አጠብሽው?" አለ። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር። "ጥሩዬ፣ እኔ እኮ ዛሬ ላደርገው ነበር።"

"አጠብኩት። ተቀመጥ።"

"በምን ሳሙና ነው ያጠብሽው? ምክንያቱም ጎማው..."

"ተቀመጥ፣ ኪዳነ ወልድ።"

ሙሉ ስሙን የምትጠራው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ተቀመጠ። ቫልቩን ከፍታ መለኪያውን ወደ እሱ አዞረችው። መርፌውን አየ፤ ከዚያ ፕላስተሩን አየ፤ ከዚያ እሷን ላለማየት መስኮቱን አየ። ዝናቡ እየዘነበ ነበር።

"አንቺ ሲሊንደር እንደምታነቢ ረሳሁት" አለ።

"አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራሁትን ነው የረሳኸው?"

"ረሳሁት።"

ጠበቀችው። ኪዳነ ወልድ ነገር ለመጀመር ጊዜ ይወስድበታል፤ ስታጣድፈው ደግሞ ጨርሶ ይዘጋል። ይህንን ታውቃለች፤ ማወቋ ግን መጠበቁን አላቀለላትም።

"ጁን ላይ ነው" አለ። "ከኃይሌ ጋር አስራ ሁለት ሜትር ያህል ወርደናል። ማስኬ ውሃ አስገባ። ኮርስ ላይ ሃያ ጊዜ ያደረግነው ነገር ነው፤ በአፍንጫህ ትተነፍስና ውሃውን ታስወጣለህ፣ በቃ። እኔ ግን ጠፋኝ። ጨለማ ነው፣ ብርድ ነው፣ አይኔን ጨው ሞላው፣ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ሬጉሌተሩን ከአፌ አውጥቼ ጣልኩት። ለምን እንደጣልኩት አላውቅም። ኃይሌ ነው አፌ ላይ መልሶ የያዘው። በአንድ እጁ አፌን ይዞ፣ በሌላው እጁ ጃኬቴን ይዞ፣ ቀስ አድርጎ አወጣኝ። ዳር ላይ አስመለሰኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ በሳምንቱ ሲሊንደሩን አስሞላሁና ሄድኩ። እንደገና ልወርድ። እስከ ወገቤ ገባሁ። ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም። ኃይሌ 'ሌላ ቀን' አለኝ። ሌላ ቀንም ሄድኩ፤ እስከ ወገቤ።"

"እና አራት ወር ሙሉ እስከ ወገብህ?"

"አንዳንዴ እስከ ደረቴ።"

ጥሩብርሃን ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ልታለቅስ አልነበረም፤ የሚወጣው ነገር ሳቅ ይሁን ጩኸት ስላላወቀች ነው።

"ኦክቶፐሱስ?"

"ኦክቶፐሱን ያዩት እነሱ ናቸው። ሲወጡ ይነግሩኛል።"

"እነማን?"

"እዚያ የሚወርዱት። ሊንዳ የምትባል ጡረታ የወጣች አስተማሪ አለች፣ ሌሎችም አሉ። እኔ ሁልጊዜ ዳር ላይ ስለምቀመጥ አንድ ቀን 'ስማችንን ጻፍልን' አሉኝ። ማን ስንት ሰዓት እንደገባ እጽፋለሁ፣ ሲወጡ እሰርዛለሁ። ከሃምሳ ደቂቃ በላይ የቆየ ሰው ካለ የድንገተኛ አደጋውን ናይን ዋን ዋን ኮል የማደርገው እኔ ነኝ። አንድም ቀን አልደወልኩም። ሲሊንደራቸውን ደረጃው ላይ እሸከምላቸዋለሁ። ከዚያ ልብሴን ነክሬ እመጣለሁ።"

"ለምን ትነክረዋለህ?"

ጠይቃ ሳትጨርስ መልሱን ራሷ አገኘችው።

"'ትሰምጣለህ' ስላልኩህ" አለች። "አንድ ቀን፣ አንድ ቃል ስለተናገርኩ። እኔ ልክ እንዳልነበርኩ ለማሳየት አራት ወር ጎማ ስትነክር ከረምክ።"

"አንቺ ብቻ አይደለሽም። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ነው የሚጠይቀኝ። ጓደኛችን ብዙነህ እቤት በመጣ ቁጥር 'ጠላቂው' ነው የሚለኝ።"

"ብዙነህ የመጋረጃ ብረት አልሰቀለም። ብዙነህ ኬክ ይዞ ይቅርታ አልጠየቀም።" ድምፏ ከፍ አለ። "መፍራትህ አይደለም እኮ። ማንም ይፈራል። እኔ ብሆን መኪናው ውስጥ ነበር የምፈራው። ግን ቅዳሜዬን ስጠኝ። እኔ ሬኒየር ቫሊ መንገድ ላይ ስቃጠል፣ አንተ ዳር ላይ ቁጭ ብለህ ባሕር ታያለህ፣ ከዚያ መጥተህ ደክሞኛል ትለኛለህ። ደክሞኛል ስትለኝ እግርህ ስር ትራስ አድርጌልሃለሁ።"

ኪዳነ ወልድ ይህኛው የገባው መሰለ። የሥራ ጃኬቱን ዚፕ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ላይ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ታች ጎተተው።

"ትራሱ አሳፍሮኝ ነበር" አለ። "ያኔ ልነግርሽ ነበር።"

"ግን ትራሱን አላወጣኸውም።"

"አላወጣሁትም።"

በሩ ተከፈተና ሃሴት ከትምህርት ቤት ገባች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ሁለቱን፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሲሊንደር አየች።

"ኢዝ ዛት ጎይንግ ቱ ኤክስፕሎድ?"

"አይፈነዳም" አለ አባቷ። ተነሳ። "ግን ለረጅም ጊዜ እንዲህ ሞልቶ ባይቀመጥ ይሻላል። ባዶም አይሆንም። ትንሽ አየር ይቀርለታል፣ እርጥበት እንዳይገባው። ቆሞ ነው የሚቀመጠው።" ሲሊንደሩን አቅፎ ወደ በረንዳው ወሰደው፤ ሬጉሌተሩን ፈትቶ ቫልቩን በጥቂቱ ከፈተው። አየሩ ሲወጣ ረጅም፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰማ ጀመር። "ቀስ ተብሎ ነው የሚለቀቀው። በኃይል ከለቀቅሽው ሲሊንደሩ ይቀዘቅዝና ውስጡ ጤዛ ይይዛል።"

ጥሩብርሃን ከወጥ ቤቱ ሆና አየችው። ሬጉሌተሩን ሲያጥብ መክደኛውን አፉ ላይ ሳይገጥም ወደ ውሃ አላስጠጋውም። ቱቦዎቹን ሳያጥፍ በሰፊው ጠቀለላቸው። ማስኩን ከጎማው እንዳይጣበቅ ለብቻው ሣጥን ውስጥ ከተተው። ዌትሱቱን ገልብጦ አይቶ "እንደገና ይታጠባል፣ ሻምፑ ያስፈልገዋል" አለና ራሱ አጠበው። ጃኬቱን በግማሽ አየር ነፋው፤ ከተጣጠፈ ውስጡ ይጣበቃል አለ። የኮርሱን መጽሐፍ በቃሉ ይዞታል። ይህን ሁሉ እያወቀ ሦስት ሳምንት "ዊኬንድ ላይ" ሲላት መክረሙ ንዴቷን እንደገና ቀሰቀሰው።

"እያወቅክ ለምን አላደረግከውም?"

"ከተቀመጠ በቃ አለቀ ማለት ነው ብዬ" አለ ጀርባውን እንደሰጣት። "ክፍሉ ውስጥ ወድቆ ሲታይ ነገ የምሄድ ይመስላል።"

ይህን ሲል ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። ፎጣ ወረወረችለት።

ቀጥሎ የት ይቀመጥ የሚለው ጠብ መጣ። ጋራዡ ይሁን ስትል የውሃ ማሞቂያው እዚያ ነው፣ ሙቀቱ ጎማ ይበላል አለ። በረንዳውን ማኅበሩ ከልክሏል። ደረጃው ስር የሃሴት ብስክሌትና የገና ዛፉ አሉ። በመጨረሻ ደረቅ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ የሆነ ቦታ ቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ ቀረ፤ እሱም የመኝታ ቤታቸው ቁምሣጥን ነው።

"ከቀሚሶቼ ጋር አይሰቀልም" አለች ጥሩብርሃን።

"ሰፊ መስቀያ እገዛለሁ..."

"የአንተ ሱፎች ይውጡ። አልጋ ስር ይግቡ። ዌትሱቱ በአንተ በኩል፣ በእነሱ ቦታ ይሰቀል።"

"የሠርጌ ሱፍ?"

"የሠርግህም ሱፍ። መቼ ነው የለበስከው?"

ሱፎቹ አልጋ ስር ገቡ። ልብሱ ሲደርቅ ቁምሣጥኑ ውስጥ ሰቀለው። አንገት የሌለው ሰው መስሎ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ሲሊንደሩ ከእግሩ ስር ቆሞ በገመድ ታሰረ። ጥሩብርሃን በሩን ዘግታ ከፈተች፣ ደግማ ዘጋች። ሽታው ከድሮው ግማሽ ነው። ግማሹም ሽታ ነው። ቀሚሶቿን አንድ በአንድ ላስቲክ አለበሰቻቸው።

ማክሰኞ ማታውኑ ፍራሹ ገብቶ ነበር። ረቡዕ ጥሩብርሃን ከሥራ ስትመለስ ኪዳነ ወልድ የትንሿን ክፍል ወለል በኮምጣጤ ወልውሎ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ዝናቡ መስኮቱ ስር ያለውን አዲሱን ፍራሽ በአንድ በኩል አርሶት አገኘችው። የፀጉር ማድረቂያዋን አምጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

ኤዶም ሐሙስ ከሰዓት ገባች። ሁለት ሻንጣ፣ በጣም ስስ የሆነ ካፖርትና ያበጠ እግር ይዛ። መኪና ውስጥ ስለ ሁሉም ነገር ትጠይቃለች፤ ዛፎቹ ለምን እንዲህ ረዘሙ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ይጨልማል ወይ። ከዚያ "ጋሼ ኪዳኔ፣ ያ ፎቶ የላካችሁልን የባሕር ሥራ እንዴት ነው? እማዬ እኮ ለሰፈሩ ሁሉ አሳይታለች" አለችው።

ጥሩብርሃን ከፊት ተቀምጣ መንገዱን ብቻ አየች። መንገር የእሱ ፋንታ ነው፤ እሷ አትነግርለትም።

ኪዳነ ወልድ መታጠፊያውን አለፈ። "አሁን ዳር ላይ ነኝ" አለ። "የሚወርዱትን ነው የምጠብቀው። መውረዱን ሞከርኩት፣ ፈራሁ።"

"ደግ አደረጉ" አለች ኤዶም ወዲያው። "እኔ ከፎቶው ራሱ ፈርቼ ነበር።"

በቃ፣ ይኸው ነው። አራት ወር የተደበቀው ነገር ከአየር ማረፊያው እስከ ሁለተኛው መብራት ድረስ እንኳ አልፈጀም። ጥሩብርሃን ይህን ስታስብ ኤዶም ፊት መጮህ ስላልቻለች የመቀመጫ ቀበቶዋን አላላች።

ዓርብ ማታ ራት ሲያነሱ ኪዳነ ወልድ ሳህን እያጠበ ጀመረ።

"ሊንዳ ቴክስት አድርጋልኛለች።"

"ምን ብላ?"

"ነገ ይወርዳሉ። ዳር ላይ የሚቆም ሰው የለም፤ በብርዱ ማንም አይፈልግም።"

ጥሩብርሃን የያዘችውን ሳህን አስቀመጠችው። "ሲዝኑ አልቋል አላልክም?"

"የእኔ ነው ያለቀው። እነሱ ዓመቱን ሙሉ ይወርዳሉ። እንዲያውም በብርዱ ነው ውሃው የሚጠራው።"

እስኪበቃት ተመለከተችው። ይህ ሰው ለአንድ ወር ሙሉ ባሕሩ ራሱ የተዘጋ አስመስሎ ነበር የነገራት። ሃያ ነገር ልትል አስባ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ከአንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት" አለች። "ከዚያ ኤዶምን ካፖርትና የክረምት ጫማ ልትገዛላት ይዘሃት ትሄዳለህ፤ ሃሴትን የሒሳብ ማጠናከሪያ ታደርሳለህ፤ በዚያው ሬኒየር ቫሊ ወርደህ ትሸምታለህ። ዝርዝሩን እሰጥሃለሁ። እስከ ሰኔ ድረስ ቅዳሜ ከአራት ሰዓት በኋላ የእኔ ነው። ከሰኔ በኋላ ደግሞ እንነጋገራለን።"

"ኦኬ።"

"ወፍራም ካልሲ አድርግ። እና ማንም እንዳይጠይቅህ ብለህ ምንም ነገር እንዳትነክር።"

ቅዳሜ ኪዳነ ወልድ ስም የሚጽፍበትን ደብተር ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ሄደ። ጥሩብርሃን አልጋዋ ውስጥ ሆና የመኪናውን ድምፅ ሰማች፤ አልተነሳችም። አራት ሰዓት ሆነ፤ አልመጣም። አራት ከአስር። ኤዶም የእህቷን ትልቅ ካፖርት ደርባ፣ ሃሴት የሒሳብ መጽሐፏን ይዛ በር ላይ ቆመዋል። አራት ከሃያ አምስት ላይ መኪናው ገባ። አፍንጫው በብርድ ቀልቷል፣ እጆቹን እያሻሸ ነው፣ ልብሱ ደረቅ ነው።

"አንዱ ሰውዬ ዘግይቶ ወጣ" አለ። "ስልኩን ይዤ ነበር። ልደውል ስል ብቅ አለ። ሳይወጣ ትቼው አልመጣም እኮ።"

"አትመጣም" አለች ጥሩብርሃን። ዝርዝሩን እጁ ላይ አደረገችለት። "ሃያ አምስት ደቂቃውን ግን ሰኔ ላይ ስንነጋገር እቆርጥብሃለሁ። ሂድ፣ ትምህርቱ ሳይጀመር አድርሳት።"

መኪናው ሲወጣ በሩን ዘጋችው። ሽንኩርቱ ቀይ ይሁን ብላ ዝርዝሩ ላይ መጻፍ ረስታ ስለነበር እንደሚደውልላት ታውቃለች። ስልኳን ድምፁን ቀንሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችና ወደ አልጋዋ ተመለሰች።